ደህና ነኝ ባይዋ ወይዘሮ ጥሩሰው

በነጠላ ጫፍ የታፈነ ሳል። ገና ወጣት አስተማሪ ሳለሁ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ አሰላ ላይ በተከራየኋት ክፍል ግድግዳ አሳልፎ በየማለዳው የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነበር።

በኢትዮጵያ ምድር «ደህና ነኝ» የምትል ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም። ቤቷ ቢቃጠል ደህና ናት፤ እግሯ ቢሰበርም ደህና ናት። የእኛ ሰፈር ተጠሪ የሳሉ ባለቤት፣ የቤት አከራዬ፣ ክብርት ወይዘሮ ጥሩሰው ነበሩ።

ግማሽ ጎናቸው የማይታዘዝላቸውን ባላቸውን አቶ ገብረ መድህንን ያጎርሳሉ፣ ዓይናቸው የደከመ አማታቸውን ያጥባሉ፣ ከዲክሲስ የመጣ ገብስ ገበያ አውጥተው ይሸጣሉ። መለስ ሲሉ ደግሞ በእኔ በር ብቅ ብለው «አንተ መምህር፣ በላህ?» ይላሉ። መልሱን አይጠብቁም፤ ሄደዋል። ወንበር ስባችሁ ብትሰጧቸው አቧራውን ጠርገው ለሌላ ሰው ያቀርቡታል።

ጎረቤታችን ጠይባ ግን አልተታለለችም። «አንቺ ሴትዮ፣ ሞተሽ ለቅሶ ስንመጣም ‹ደህና ነኝ› ልትዪን ነው!» ትላቸው ነበር። በዚያ ክረምት እጃቸውን ይዛ ጤና ጣቢያው ድሬሰር ዘንድ የወሰደቻቸውም እሷ ናት። ድሬሰሩ ደረታቸውን አዳምጦ፣ ካላረፉ መስቀልን እንደማያዩ በግልጽ ነገራቸው።

«ምን አለሽ?» አሉ አቶ ገብረ መድህን ቤት ሲመለሱ።

«ደህና ነሽ አለኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» ብለው ወደ ገብሳቸው ሄዱ። ጠይባ «ያ ረቢ!» ብላ ራሷን ያዘች።

ፍልሰታ ገባ። አማታቸውን ከጾሙ እንዲፈቱላቸው የነፍስ አባታቸውን መምሬ መርሻን አስጠሩ። መምሬ አሮጊቷን ፈትተው ሲያበቁ ወደ ወይዘሮ ጥሩሰው ዞሩ።

«አንቺስ፣ ልጄ?»

«ደህና ነኝ፣ አባቴ።» ሳላቸው ቃሉን ለሁለት ቆረጠው።

«ድሬሰሩ ያለውን ጠይባ በር ላይ ነግራኛለች። ይህ ‹ደህና ነኝ› ውሸት መሆኑን ታውቂያለሽ?»

ደነገጡ። ይህን ቃል ከኃጢአት ቆጥረውት አያውቁም። «ስንት ልስገድ፣ አባቴ?»

«ስግደት የለም። ከጾሙ ፈትቼሻለሁ። ቀኖናሽ እስከ ጾሙ ፍቺ ድረስ መተኛት ነው፤ ሌላ ሰው ያጉርስሽ።»

«ኧረ አባቴ፣ ስግደቱን ያብዙብኝ!»

«ጌታችን እንኳ መንገድ ሲያደክመው ከውኃ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጧል። አንቺ ከእሱ ትበረቺያለሽ?»

በማግስቱ ተኙ። ተኙ ማለት፣ ከመደባቸው ሆነው መንደሩን ያስተዳድሩ ጀመር። «እሳቱን ቆስቁሱት! ገብሱን ዝናብ እንዳያገኘው! መምህር፣ በላህ?» እግሮቻቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ይራመዱ ነበር።

ልጠይቃቸው አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ ጠይባ ወተት አፍልታ ገባች። «ዝም በይ! ዛሬ እመቤቷ እኔ ነኝ።»

አቶ ገብረ መድህን «አምጪው» ብለው ኩባያውን በደህናው እጃቸው ተቀበሉና ወደ ሚስታቸው አፍ አስጠጉት። ግማሹን የወይዘሮዋ አንገት ላይ ደፉት። ጠይባ ሳቀች፤ እኔም ሳቄ አመለጠኝ።

«እንዴት ነሽ?» አሉ አቶ ገብረ መድህን።

ወይዘሮ ጥሩሰው አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ቀኖናው ያዘው። ጣራውን አዩ፣ እኔን አዩ። ዓይኔን አሸሸሁ፤ እኚህ ሴት ባይኖሩ ያ ግቢ ለእኔ ግቢ እንደማይሆን የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«ደክሞኛል» አሉ። «በጣም ደክሞኛል፣ ገብሬ።»

አቶ ገብረ መድህን የቀረውን ወተት በቀስታ ወደ ሚስታቸው አፍ አስጠጉ። ጠይባ ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች፤ ሌላ ወተት ልታፈላ ወጣች።