ጥጋብ ነው!

እኔ ሐረር ውስጥ የውሻ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ምን ያስቃችኋል? ሐምሌ መዝነቡን ትቶ እንደ ሚያዝያ ሲያቃጥል፣ ውሻው ካባውን በገዛ እጁ ያውልቅ? «ጥጋብ ነው» ባይ በየሰፈሩ አለ፤ የአቦከር ሰፈሩ ጎረቤቴ ሐጂ ግን የሁሉም አለቃ ናቸው። ባለፈው አንዱን ውሻ ስሸልት ደረሱና፣ «አስተግፊሩላህ! ለውሻ ጸጉር ቤት? ጥጋብ ነው!» ብለው ሰፈሩን ሰበሰቡብኝ። ደጄ ለቅሶ ቤት መሰለ።

«ሐጂ፣ እርስዎስ ማታ ማታ ጅቡን በስሙ ጠርተው ሥጋ ያጎርሱት የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«እሱማ እንግዳችን ነው!»

እንግዳ! ፍየሎቻቸውን ከዚህ እንግዳ ሲጠብቅ የሚያድረው ውሻ አይደል እንዴ? መቀሴን አላስቀምጥም። ጥጋብ ከሆነም ይሁን፤ ሐጂ፣ እንግዳዎን ይጥሩልኝ፣ እሱንም እሸልተዋለሁ!