የአውሮፕላኑን ቀይ ጨርቅ ያጠብኩ ለታ

ወገን፣ ዛሬ አማቴን አውሮፕላን ውስጥ ትቼ በባጃጅ ወደ ቤቴ ፈረጠጥኩ! አትፍረዱብኝ፣ መጀመሪያ ስሙኝ።

የምሠራው ከሐረር ወጣ ብሎ ባለው በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አሁን ሙዚየም ሆኗል። ሙዚየም ስላችሁ ብዙ እንዳትጠብቁ፤ አንድ መጋዘን፣ ጥቂት ፎቶዎችና አንድ አሮጌ አውሮፕላን ነው ያለን። ትኬት ቆራጯም፣ አስጎብኚዋም፣ ጽዳቷም እኔ ነኝ።

ዛሬ ደግሞ አማቴ እትዬ አስካለ ሊጎበኙ ይመጣሉ።

እትዬ አስካለ ቤቴ ሲገቡ መጀመሪያ ጣታቸውን ቡፌው ላይ ያስኬዳሉ። አቧራ ካገኙ ጣታቸውን ለባሌ ያሳዩታል። ካላገኙ ዝም ይላሉ። ከተጋባን ስምንት ዓመታችን ነው፤ አንድ ቀን "ጎሽ" ብለውኝ አያውቁም።

ዛሬ ያቺን "ጎሽ" ላገኝ ቆርጬ ተነሳሁ!

ትናንት አውሮፕላኑን ከአፍንጫው እስከ ጭራው ወለወልኩት። እግሮቹ ላይ ሦስት ቀያይ ጨርቆች ተንጠልጥለዋል፤ እያንዳንዱ ጫፉ ላይ ወፍራም የብረት ፒን አለው። አቧራ ሲጠጡ ከርመው ቡናማ ሆነዋል። እነዚህን አይተውማ አለቀልኝ! ነቀልኳቸውና ከነብረታቸው በፌስታል ቤት ወሰድኳቸው። ዘፈዘፍኩ፣ አሸሁ፣ ሽቦ ላይ አሰጣሁ። እንዴት እንዳማረባቸው ብታዩ!

ጠዋት ግን እዚያው ሽቦው ላይ ረስቻቸው ወጣሁ።

አራት ሰዓት ላይ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ደረሱ። መሰላሉን ይዤላቸው ወጡና አብራሪው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጣታቸው ሥራ ጀመረች። መሪው ላይ ሄደች፣ መስኮቱ ላይ ሄደች። ምንም የለም! ልቤ ጨፈረች።

ይሄኔ ጋሽ ተፈራ መጡ። ጡረታ የወጡ የአየር ኃይል ቴክኒሻን ናቸው፤ በየሳምንቱ በፈቃዳቸው እየመጡ አውሮፕላኑን ያዩታል። መብረር ካቆመ ስንት ዘመኑ፣ እሳቸው ግን አሁን ሊነሳ እንደሆነ ሁሉ ዙሪያውን ይዞሩታል። ጎማው ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

"ቀዮቹ ጨርቆች የታሉ?"

ቤት ወስጄ አጥቤያቸዋለሁ አልኳቸው። በኩራት!

ፊታቸው አመድ መሰለ። ለካ ጨርቁ ጌጥ አይደለም፤ ፒኑ እንዳይረሳ ምልክት ነው። ፒኑ ደግሞ አውሮፕላኑ በቆመበት እግሩ እንዳይታጠፍ ቆልፎ የሚይዘው ነው። የአውሮፕላኑን ጉልበት ፈትቼ አማቴን አናቱ ላይ አስቀምጫለሁ ማለት ነው።

አማቴ ቶሎ ይውረዱ ብል፣ ጋሽ ተፈራ አውሮፕላኑ ሰው ሲወርድ ነው የሚወዛወዘው አሉኝ። ድምፃቸውን ሳያነሱ ወደ ላይ፣ "እመቤት፣ እባክዎ እዚያው አረፍ ይበሉ፤ አይነቃነቁ" አሏቸው። ወዲያው ያገኙትን ግንድ ሁሉ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ይወትፉ ጀመር።

እኔ ፒኖቹን ከቤት ላመጣ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። የፈረስ መጋላ ሰፈር ልጅ ነው የሚነዳው። ሐኪም ጋራ፣ ቤቴ ድረስ ፍጠንልኝ ብዬ ብለምነው፣ "አቦ ተረጋጊ፣ ምን ትተሽ ነው?" አለኝ።

አማቴን አልኩት።

ይባስ ብሎ ቀስ ማለት ጀመረ!

ቀልዱን ተዉትና፣ በእውነት ፈርቼ ነበር። መንገዱን ሁሉ የማስበው ያችን ጣት ነው። ዳግመኛ ቡፌዬ ላይ ባትሄድ ምን ይውጠኛል? አለቀስኩ።

ፒኖቹን ይዤ ስመለስ እትዬ አስካለ ወንበሩ ላይ ተመቻችተው ሜዳውን ይቃኛሉ። ጋሽ ተፈራ ከታች ሆነው ያጫውቷቸዋል። አማቴ እኔን ሲያዩ ጨዋታቸውን ያቋረጥኩባቸው ይመስል ቅር አላቸው።

ጋሽ ተፈራ ሦስቱንም ፒኖች መልሰው ከተቱ። እትዬ አስካለ ወረዱ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል አልፈውኝ በቀጥታ ወደ ጎማው ሄዱ። ቀዩን ጨርቅ ያዙ። በሁለት ጣታቸው አሹት፣ ወደ ፀሐይ አድርገው አዩት፣ አሸተቱት።

"ጎሽ" አሉ። "ጥሩ አጥበሽዋል።"

ስምንት ዓመት!

ጋሽ ተፈራ ካሁን በኋላ ከዚያ አውሮፕላን ላይ አንዲት ክር እንዳልነካ በመድኃኔዓለም አስማሉኝ። ማልኩ። ቢሆንም ካገባሁ ጀምሮ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እትዬ አስካለ ነገ ቤት ሊመጡ ነው፤ መጋረጃዎቹን ሁሉ አውርጄ ዘፍዝፌያለሁ። መጋረጃ ቢነሳ የሚወድቅ ነገር የለም፣ አይደል?