የክቡር አሞጽ ሁለት ሺህ ዓመት

በየከተማው፣ ሳይጠየቅ የነገር ሁሉ ዕድሜ የሚናገር አንድ ሰው አይጠፋም። የሆሳዕናው ባለወፍጮው ጋሽ አሞጽ ናቸው፤ በጎረቤት አጠራር «ክቡር አሞጽ»። የሱቅ ሚዛን፣ የባጃጅ ጎማ፣ የሙሽራ ጥርስ፣ ሁሉንም አንዴ አይተው ይፈርዳሉ። ባለሱቋ ትርፊት «ሠላሳ ዓመቴ ነው» ስትል «እሱ ከሠርግሽ ወዲህ ያለው ነው» ብለዋት ሦስት ወር ጨው አልሸጠችላቸውም።

አርኪዮሎጂ የተማረችው ርብቃ ሺንሺቾ ከተማ አጠገብ የጥንት ምድጃ መቆፈር ስትጀምር ክቡርነታቸው ወፍጮ ዘግተው ከተፍ አሉ።

«ሁለት ሺህ ዓመት! አንድ ቀን አይጎድለውም!»

«የምድጃው ከሰል ውጭ አገር ተልኮ ዕድሜው ይለካል፣ ጋሼ። ብቻ በእጅዎ እንዳይነኩት።»

«ይለካ! ከቃሌ ቢጎድል ለትርፊት ዓመት ሙሉ በነጻ እፈጭላታለሁ!»

ይህን ያልሰማ ገበያተኛ አልነበረም።

ከሰሉ ተለቅሞ ታሸገ። ምሳ ላይ ርብቃ አስረዳቻቸው። «ሕይወት ያለው ሁሉ ካርቦን ይሰበስባል። ከሞተ በኋላ አንደኛው ዓይነት ካርቦን ቀስ እያለ ይጠፋል፤ የቀረው ባነሰ ቁጥር ነገሩ ያረጀ ነው። ናፍጣ ውስጥ ያ ካርቦን ጨርሶ የለም። ስለዚህ ናፍጣ የነካው ከሰል ከዕድሜው በላይ ያረጃል።»

ክቡርነታቸው የቆረሱትን ቆጮ መልሰው አስቀመጡት። ቀኑን ሙሉ የማንንም ዕድሜ አልተናገሩም።

በማግስቱ ርብቃ ከሰሉን ይዛ ሚኒባስ ልትሳፈር ስትል መናኸሪያው ውስጥ እየሮጡ ደረሱባት። ከኪሳቸው ጥቁር ጨርቅ መዘዙ፤ የወፍጮውን ሞተር የሚወለውሉበት ነው።

«ትልቁን ከሰል ያነሳሁት በዚህ ነው። በእጅ አትንኩ ስላልሽኝ።»

አሸተተችው። ናፍጣ!

«ዝም ቢሉ እኮ ሁለት ሺህ ሊሞላልዎ ይችል ነበር።»

«ይችል ነበር» አሉ፣ አዝነው። «ግን እሳቱን ያነደደ ሰው ነበር፣ ልጄ። በሰው ዕድሜ ልዋሽ?»

አብረው ተመልሰው ርብቃ እንደገና ቆፈረች። ክቡርነታቸው እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ እሷ ያላየችውን ከሰል በአገጫቸው አመለከቱ።

ከወራት በኋላ የዚያ ከሰል መልስ መጣ፤ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ። ትርፊት በዕለቱ ሁለት ኩንታል በቆሎ አስጭና ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆመች።

«ክቡር ሆይ፣ ይፍጩ!»

ፈጩ። እየፈጩም «ከሰሉን የለካው ማሽን ገና ልጅ ነው፤ ሲበስል ይደርስበታል» ይሉ ነበር።

ርብቃ የናሙናውን ቅጽ ቅጂ እስከ ዛሬ አስቀምጣዋለች። «ናሙናውን ያገኘው» በሚለው መስመር ላይ የራሷን ስም አልጻፈችም። «ክቡር አሞጽ» ይላል። ስትጽፈው አልሳቀችም።