ከሰንጋው በፊት ሦስት ሰከንድ

ትናንት ሌሊት ላፕቶፑን ጭኔ ላይ እንዳስቀመጥኩ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ።

በማግስቱ የእህቴ የስምረት መልስ ነበር። አዳራሹ ውስጥ የሚታየውን የቤተሰብ ፎቶ በቪዲዮ እንድሠራ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ላፕቶፕ ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ። እችል እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። እማዬ የለመነችኝ አንድ ነገር ነው። «አባትሽ ላይ ሲደርስ አይሩጥ። ትንሽ ይቁምልኝ።» አባዬ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ብቻውን የተነሳው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ለጡረታ መታወቂያ። አጎቴ ጋሽ ደምሰው ደግሞ ለመልሱ የገዛው ሰንጋ ካልታየ ሞቼ እገኛለሁ አለ። የሱን ፎቶ ከአባዬ በፊት፣ የሰንጋውን ከአባዬ በኋላ አስገባሁለት። በመጨረሻ በየፎቶዎቹ መሃል መሸጋገሪያ የሚያስገባ ቁልፍ አገኘሁ፤ አንዱ ፎቶ እየሟሟ ሲሄድ ሌላው በላዩ ላይ ይመጣል። አንዴ ስጫነው ሁሉም ጋ ገባ። ሙያ የተማርኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር ያንቀላፋሁት።

በሕልሜ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅያለሁ። በግራዬ ስምረት ከነቬሎዋ፣ በቀኜ ጋሽ ደምሰው ከነጋቢው በሚስማር ተንጠልጥለዋል። ፎቶዎቻችን ሶፋው ላይ ተቀምጠው ያዩናል። የስምረት የክርስትና ፎቶ ጨርቅ ይዛ መጣችና አፍንጫዬን ወለወለችው።

«ይቺ ደብዝዛለች» አለች።

«ድሮም እንዲሁ ናት» አለ የጋሽ ደምሰው የወጣትነት ፎቶ፣ አፍሮውን እያበጠረ። «ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙሪያት።»

ሲያዞሩኝ አዳራሹ በር ላይ ተገኘሁ። በረኛው ሰንጋው ነው። ከረባት አስሮ፣ ወገቡ ላይ ቢላዋ ሻጥ አድርጎ፣ የተሰለፉትን እንግዶች ጎን እየዳበሰ ያስገባል። ጋሽ ደምሰው ጋ ሲደርስ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ።

«እርስዎ በጓዳ በኩል ይለፉ።»

«የክብር እንግዳ ነኝ እኮ።»

«እሱማ ባይሆኑ መቼ በጓዳ እልዎታለሁ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ደምሰው ኮራ ብሎ ወደ ጓዳ አለፈ። ተራዬ ደረሰ።

«በምን ትገቢያለሽ?» አለኝ ሰንጋው።

«በእግሬ።»

«በእግር መግባት ቀርቷል። እየተሽከረከሩ መግባት አለ፣ እንደ መጋረጃ መከፈት አለ፣ በልብ ቅርጽ መውጣትም አለ። በልብ ቅርጹ ግን ሐዘንተኞች ናቸው የሚገቡት።»

«ዝም ብሎ መግባት የለም?»

«እሱ ሥራውን ለሚያውቁ ነው። አንቺ ጀማሪ ነሽ።»

እየተሽከረከርኩ ገባሁ። ሙሽሮቹ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ አባዬ ያንኑ የመታወቂያ ኮቱን ለብሶ ተቀምጧል። ላፕቶፔ ጭኑ ላይ ነው። የሰፈራችንን ሰዎች እንደ ባቄላ በሁለት ጣቱ እያነሳ ይደረድራል። እነሱም በቀጭን ድምፅ ያጉረመርማሉ። እማዬ ከመሃላቸው ነጠላዋን ታስተካክላለች።

«ምን እየሠራህ ነው፣ አባዬ?»

«ቪዲዮ። እኛ ጋ ሁሉም ስለ እናንተ ይጠይቀኛል፣ እስቲ ላሳያቸው ብዬ። ጀማሪ ነኝ፣ አትሳቂብኝ።»

«እማዬን ምን ያህል አቆየሃት?»

«እንደ ሁሉም። ይሄ ማሽን ለሰው ሁሉ ሦስት ሰከንድ ነው የሚሰጠው።»

«አስረዝማት።»

«እሷን ስጎትት ከኋላዋ ያሉት ይገፋሉ። የቪዲዮው ዘፈን እነሱ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ጎረቤት ላስቀይም?» መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ አየኝ። «አንቺስ እኔን መቼ አቆምሽኝ?»

«ሦስት ሰከንድ አለህ እኮ።»

«ስገባ ግማሹን ከደምሰው ፊት ጋር ተደባልቄ ነው። ስወጣ ግማሹን ከሰንጋው ጋር። ብቻዬን የሆንኩት መቼ ነው?»

ባሰላው ባሰላው እውነቱን ነው። አባዬ ወይ እየመጣ ነው ወይ እየሄደ ነው እንጂ፣ መጥቶ አያውቅም።

«አሁኑኑ አስተካክላለሁ» ብዬ እጄን ስዘረጋ አባዬ ከዳርና ከዳር መሟሟት ጀመረ። ከኋላው ሰንጋው ቢላዋውን እየሳለ ይመጣል። «አባዬ፣ ትንሽ ቁም» ስል ነቃሁ።

ነግቷል። ላፕቶፑ ጭኔ ላይ የለም። እማዬ የመልሱን ቀሚሷን ለብሳ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ታየዋለች። ቪዲዮውን ከፍታው ኖሯል፤ አባዬ ብቅ ሲል እንዳይሄድባት ያገኘችውን ቁልፍ ሁሉ ተጭናለች። ላፕቶፑ ስታክ አድርጎ፣ ሁለቱ ፎቶዎች እንደተደባለቁ ደርቆ ቀርቷል። አባዬ በመታወቂያ ኮቱ ፊት ለፊት ያየናል። ከጆሮዎቹ በላይ የሰንጋው ቀንዶች ግራና ቀኝ ወጥተዋል፤ ከንፈሩ ላይ ሣር አለ።

ማውዙን ብነካካው እምቢ አለ። ሥራውን ሴቭ አላደረግኩትም ነበር። ጋሽ ደምሰው ላፕቶፑን ወደ አዳራሹ ሊወስድ መጥቶ በር ላይ ክላክስ ያደርጋል።

«እማዬ፣ ላጥፋውና የነበረውን ያህል እንኳ ልሥራው።»

ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ እጄን ያዘችኝ።

«ተይው፣ እንዲሁ ይሂድ» አለች። «ቀንድ አወጣ እንጂ አልሮጠም።»