ዝንቦች ሚስቴን ሲለዩ

ትናንት ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ይዞኝ ጭልጥ አለና ይህን ሕልም አየሁ።

አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር በፎቶግራፍ ተሸፍኗል። ሁሉም ከቅርብ፣ እጅግ ከቅርብ የተነሡ የሰው ፎቶዎች ናቸው። አንዱ ላይ ክርን ብቻውን እንደ ተራራ ቆሟል፤ ሌላው ላይ የጆሮ ፀጉር እንደ ሸምበቆ በቅሏል። ከፎቶዎቹ ሥር በሬ በሬ የሚያክሉ ዝንቦች ወንበር ስበው ይከራከራሉ።

«ይሄ ሰው ነው» አለ አንዱ።

«ሰው መሆኑንማ ማን አጣው! የትኛው ሰው ነው?»

«እግሩ ካልታየ አልፈርድም።»

ብዙም አልገረመኝም። እንዲህ ያለ ክርክር ቤቴም አለ። ባለቤቴ ማንያህልሻል የዝንብ ተመራማሪ ናት። ከየአገሩ የዝንብ ፎቶ በስልክ ይላክላታል፤ እሷ ደግሞ ምን ዓይነት ዝንብ እንደሆነ ለይታ ትመልሳለች። ራት ላይ ሳይቀር ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ፣ «የዚችን የጀርባ ፀጉር እይልኝ፣ አያምርም?» ትለኛለች። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ለእኔ ዝንብ ሁሉ ዝንብ ነው። ግን «ያምራል» እላታለሁ። ስትደሰት ማየት እወዳለሁ።

አዳራሹ ጥግ ላይ ማር ተቀምጧል። ሰዎች በዙሪያው እየተሽከረከሩ ሊያርፉበት ይሞክራሉ። አንድ ሽማግሌ ዝንብ ከሰው ፀጉር በተሠራ ጭራ «እሽ! እሽ!» እያሉ ያባርሯቸዋል።

«ዘንድሮ ሰው በዛ» አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። «ይህችስ ከየት መጣች?»

«ይቅርታ አባቴ፣ ወንድ ነኝ።»

ጠጋ ብለው ፊቴን መረመሩ። «በዓይኖችሽ መሐል ሰፊ ቦታ አለ። ወንድ ብትሆኚ ኖሮ ዓይኖችሽ ግንባርሽ ላይ ይገጥሙ ነበር። ሴት ነሽ።»

ማንያህልሻል ብዙ ዝንቦችን በዚሁ መንገድ ስትለይ ስለሰማሁ አልተከራከርኩም።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

ልመልስ ስል ሚስቴን አየኋት። ጠረጴዛ ላይ፣ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ በተዘጋ ትልቅ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ቆማለች። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅዋ ግን አይወጣም።

«ያቺ የእኔ ናት!» ብዬ ጮህኩ። «ልቀቁልኝ!»

«ፎቶዋ እዚህ ውስጥ አለ» አሉ ሽማግሌው ግድግዳውን እያሳዩኝ። «ለይተሽ ካወጣሽ ውሰጃት። ካልለየሽ ‹ያልታወቀች› ብለን በመርፌ ሰክተን ሳጥን ውስጥ እናኖራታለን።»

ከጎናቸው የቆመ ጎረምሳ ዝንብ መርፌውን አነሣ። ጦር ያክላል።

እየሮጥኩ ፎቶዎቹን አየሁ። ጉልበት፣ ቅንድብ፣ ጥፍር፣ እንደገና ጉልበት። ያን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖሬ ጉልበቷን ከሰው ጉልበት መለየት አቃተኝ። ላብ አጠመቀኝ።

ሽማግሌው አዘኑልኝ። «ልጄ፣ በዓይን ብቻ አይሆንም። ጫማሽን አውልቂና እግርሽን አሳርፊበት። ጣዕም እኮ የሚታወቀው በእግር ነው።»

ፎቶዎቹ ከግድግዳው ወርደው ወለሉ ላይ ተነጠፉ። ጫማዬንም ካልሲዬንም አወለቅኩ። የመጀመሪያው ላይ ስቆም ጨው ጨው አለኝ። ቀጣዩ ጠመኔ ጠመኔ ይላል፤ የሥራ ባልደረባዬ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ አንዱን ስረግጥ የብርቱካን ልጣጭ ጣዕም ከተረከዜ እስከ ጉልበቴ ወጣ። ከብርቱካኑ ኋላ ደግሞ ዝንቦቿን የምታስቀምጥበት አልኮል አለ። ማንያህልሻል ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሳትሰጠኝ በልታ አታውቅም። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ አውራ ጣቷ ነበር። እንባዬ መጣ።

«ይቺ ናት!»

«ማን ናት?» አሉ ሽማግሌው።

«ማንያህልሻል!»

ተቆጡ። «እኛ እንጠይቅ፣ አንቺ መልሺ! ጥያቄን በጥያቄ መመለስን ምን አመጣው?»

«መመለሴ እኮ ነው አባቴ! ማንያህልሻል!»

«እኮ፣ ማን ያህላታል?»

ጎረምሳው መርፌውን ይዞ ወደ ብልቃጡ ተራመደ። ጨነቀኝ። ግን የተጠየቅኩትን ደግሜ ሳስበው መልሱ አንድ ብቻ ነበር።

«ማንም!» አልኩ። «ማንም አያህላትም!»

ዝንቦቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ በዚያ ሁሉ ዓይን መተያየት ቀላል ስላልሆነ ጊዜ ወሰደባቸው።

«እንግዲያው አዲስ ዝርያ ናት» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። ሁሉም የፊት እግራቸውን እያፋተጉ እልል አሉ።

ክዳኑ ተከፈተ። ሚስቴ ዘልላ ወጣች። እጄን ዘርግቼ ጠበቅኳት፤ እሷ ግን በአጠገቤ አልፋ ሽማግሌው ፊት ቆመች።

«አባባ፣ እስቲ ክንፍዎን ዘርጋ ያድርጉልኝ! ሲያምር!»

ሽማግሌው አፈሩ፤ ግን ዘረጉላት። እኔም እጄን እንደዘረጋሁ ቆየሁ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች። ቀረበች፣ አሁንም ቀረበች፣ ከዓይኗ በቀር ሌላ ነገር እስከማይታየኝ ድረስ ቀረበችና፣ «አትንቀሳቀስ» አለችኝ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ሶፋዬ ላይ ነኝ፤ ለካ አፌን ከፍቼ ተኝቻለሁ። ማንያህልሻል አጠገቤ ተንበርክካ ካሜራዋን ጥርሴ ድረስ አስጠግታለች። ታችኛው ከንፈሬ ላይ የሆነ ነገር ይሄዳል።

«አፍህን እንዳትዘጋ» አለች በሹክሹክታ። «ይቺን ዝንብ ስንት ክረምት ፈለግኳት መሰለህ! አንድ ጎኗን አንሥቻለሁ፤ ሌላውን ካላየሁ ለይቼ መናገር አልችልም። በሞቴ፣ ትንሽ ታገሥልኝ።»

ታገሥኩ። ከንፈሬን በላኝ፤ ታገሥኩ። ምራቄ ሞላ፤ ታገሥኩ። እሷ በደስታ ትንፋሿን ይዛ እያየኋት እንዴት እዘጋለሁ? ዝንቧ ቀስ ብላ ዞረች። ሌላውን ጎኗን ልትሰጣት ትንሽ ሲቀራት ሐሳቧን ለወጠችና ወደ ውስጥ ገባች።

«እንዳትውጥ!» ብላ ጮኸች ማንያህልሻል።

ውጬ ነበር።

ከዚያ የካሜራዋን መብራት አበራችና አገጬን በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ ያዘችኝ።

«እስቲ ‹አአአ› በል፣ የኔ ጌታ።»