ምርጫ የወለደው ዘመድ

የተሸነፈ ተወዳዳሪ ዘመድ የለውም። ያሸነፈ ግን የወለደችው እናቱ እንኳ የማታውቃቸው አጎቶች በአንድ ጀንበር ይበቅሉለታል። የመካነ ሰላም ከተማም በዚህ አዝመራ ከማንም አታንስ፤ የአጎቶቹ ሁሉ አውራ፣ የሚስማርና የቆርቆሮ ነጋዴው ክቡር አቶ ዓባይነህ አሏት።

ክቡርነታቸው ለክልሉ ምክር ቤት በተደረገው ምርጫ የተወዳዳሪው የእንዳልካቸው ንጉሡን ተቀናቃኝ ቲሸርት ለብሰው ነው የከረሙት። የእንዳልካቸው ስም በተነሣ ቁጥር «እሱ ደግሞ! ሁለት ጎረቤት ማስታረቅ ያቃተው!» ሲሉ ሚስታቸው ይርገዱ ሰምታ ሰምታ ሰልችታለች። ውጤቱ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ በተለጠፈ ጧት ግን መነጽራቸውን ሰክተው እንዳልካቸው ማሸነፉን አነበቡና፣ ገና ሳያወልቁት፣

«ደም አይከዳም! የኛ ልጅ አሸነፈ!» አሉ።

«የማን ልጅ?» አለች ይርገዱ ከኋላቸው።

«የንጉሡ ነዋ! ንጉሡስ የማን ነው?» ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ሙታኑን ሁሉ ቀሰቀሱ፤ አራተኛው ቤት ላይ ከተመራጩ ጋር ገጠሙ። ሃያ ስምንት ዓመት በትዳር የኖረችው ይርገዱ ከነዚያ ሙታን የአንዱንም ስም ሰምታ አታውቅም።

ከዚያች ቀን ወዲህ ሱቁ ሚስማር መሸጡን ትቶ ጉዳይ ማስፈጸሚያ ሆነ። የቦታ ካርታዋ ቢሮ ገብቶ የቀረባት ጎረቤታቸው ፋጢማ ስትመጣ «አብሽሪ! ልጁን አናግረዋለሁ»፤ ዝውውር የቸገረው መምህር ሲመጣ «አብሽር! ልጁ የኛ ነው»። ዝናብ የዘገየበት ገበሬ ቢመጣም ከማበሸር አይመለሱም ነበር።

«ኧረ አያ ዓባይነህ፣ ልጁ ስልክዎን ያነሣል?» አለች ፋጢማ አንድ ቀን።

«ዘመድ በስልክ ይገናኛል እንዴ!» ብለው ተቆጡ።

የተሸነፉት አቤት ብለው ድምፁ እንደገና ይቆጠር ሲባል፣ ክቡርነታቸውም ትውልዱን እንደገና ቆጠሩት። «ሩቅ ነው፤ ሰባት ቤት ሳያልፍ አይቀርም» ይሉ ጀመር። በሳምንቱ ውጤቱ ጸና፤ ዝምድናውም ወደ አራት ቤት ተመለሰ።

«ይኼ ዝምድና ላስቲክ ነው?» ብትላቸው ይርገዱ፣ «ሴት ትውልድ አትቆጥርም» አሏት።

እሷ ቀን ነበር የምትቆጥረው። ልጃቸው ትህትናና የተመራጩ ታናሽ ወንድም፣ አጅባር ከተማ የሚያስተምረው አራጌ፣ ምርጫው ሳይታሰብ ጀምሮ ይዋደዳሉ፤ ሽማግሌ ሊላክ ነው። ትህትና ይህን የነገረችው ለእናቷ ብቻ ነው። ይርገዱም የባሏን ወሬ የሚያምን ሰው ይኖራል ብላ አልጠረጠረችም።

ሽማግሎቹ መጡ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ፤ ይኼስ ወግ ነው። መሪያቸው መምሬ ይመር ግን አንገታቸውን ደፍተው እንዲህ አሉ፤

«የመጣነው ልጅ ስጡን ለማለት አይደለም፤ አይሆንም ለማለት ነው። አራጌ ልጅዎን ወዷል። እርስዎ ግን ለቤተሰቡ አራተኛ ቤት ዘመድ ነኝ ብለው በአደባባይ ቆጥረዋል። ሰባት ቤት ሳይሞላ አናጋባም።»

«እማዬ!» አለች ትህትና ከጓዳ።

«ኧረ ሰባት ያልፋል!» አሉ ክቡርነታቸው።

«እንደገና ይቆጠር የተባለ ሰሞን ሰባት ነበር፤ ሲጸና አራት ገባ። የትኛውን እንያዝልዎ?» አሉ መምሬ።

አቶ ዓባይነህ ጣታቸውን ማጠፍ ጀምረው ተዉት።

«ውሸት ከሆነ» አሉ መምሬ፣ «በሰው ፊት እንደተናገሩት በሰው ፊት ይመልሱት።»

ያን ሳምንት ይርገዱ አልለመነቻቸውም። «ምን አሰብክ?» ብላ አንዴ ብቻ ጠየቀች።

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ልጅህስ ምን ትበልህ?»

እሑድ ቅዳሴ አብቅቶ ሕዝቡ ከግቢው ሳይበተን አቶ ዓባይነህ ድንጋይ ላይ ወጡ። «እንዳልካቸው ዘመዴ አይደለም። ፈጥሬ ነው የቆጠርኩት» አሉ። ይኼ ይበቃ ነበር፤ መምሬም ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀብለዋል። እሳቸው ግን ቀጠሉ። «የመረጥኩትም ሌላውን ነው። አናግረዋለሁ ካልኳችሁ ጉዳይ አንዱንም አልነገርኩትም፤ ስልኩም የለኝ።»

ግቢው ሳቅ በሳቅ ሆነ።

«ምነው፣ ያን ሁሉ ማን ጠየቀዎ?» አሉ መምሬ ጠጋ ብለው።

«ግማሹን ብቻ ብናገር ማን ያምነኛል? የልጄ ነገር ነው» አሉ።

ሕዝቡ ገና እየሳቀ ይርገዱ መጣችና የባሏን ክንድ ያዘች። ሰው ፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። እስከ ቤታቸው አልለቀቀችውም።