አረፋ የማይወደው ደንበኛ

አረፋ ሲያይ የተሰረቀ የሚመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እንግዲያው ተዋወቁኝ።

ባቡሩ አቃቂ ይቆም በነበረበት ዘመን፣ ከጣቢያው ጀርባ እትዬ አስካለ ጠላ ይሸጡ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ጣሳዬ ግማሹ አረፋ ሆኖ ቢመጣ፣ ሳልቀምስ መለስኩት።

«እትዬ፣ እኔ የመጣሁት ጠላ ልጠጣ ነው፤ አረፋውን ለሌላ ይስጡልኝ!»

«እሺ፣ የኔ ልጅ» ብለው ጣሳውን ተቀበሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ጣሳዬ ጢም ብሎ ይመጣል። መብቴን አስከበርኩ ብዬ ስንት ዓመት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።

ለቅሷቸው ላይ ሰው ሁሉ፣ «ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ጠላቸው!» እያለ ያነሳቸዋል።

«የቱ ጠላ?» አልኩ።

«ለአንተማ» አለች ጎረቤታቸው፣ «አረፋ አይወድም ብለው፣ እስኪከስም አቆይተው ነበር የሚሰጡህ።»

ይኸው፣ ያን ሁሉ ዘመን የእሳቸው ደንበኛ ነበርኩ፤ ጠላቸውን ግን አንድም ቀን አልቀመስኩትም።